ጎርፍ የገባበትን ቤት መልሶ ለኑሮ ማብቃት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ሃሪኬን የሚባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ ስለሆነና የብስ ላይ ከወጣ በኋላ እየተዳከመ ስለሚሄድ፣ ወሎ ድረስ ይዘልቃል ተብሎ አይሰጋም። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሡት ተመሳሳይ አውሎ ነፋሶችም፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው እንዳደረገው፣ ሶማሌላንድን መትተው ዝናባቸውን እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቢያደርሱ ነው እንጂ የወሎን ደጋ በነፋሳቸው አይመቱም። ይሁን እንጂ ሃሪኬን በተራራማ አገር ላይ ያደረሰውን ጥፋት የተመለከተ ሰው ደሴንና ኮምቦልቻን ማሰቡ አይቀርም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሄሊን የተባለው ሃሪኬን በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ ገብቶ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ መሀል አገር ከተጓዘና ነፋሱ ከደከመ በኋላ፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ባለችው በአሽቪል ከተማና በአካባቢዋ ከባድ ውድመት አድርሷል። ከዋናው አውሎ ነፋስ አስቀድሞ የጣለው ዝናብ መሬቱን አርሶት ስለነበር ተዳፋቱ ተጨማሪውን ውሃ ሊሸከም አልቻለም፤ ወንዞች ገነፈሉ፣ ተራራው በብዙ ቦታ ተናደ፣ የከተማዋ ቧንቧም እንደገና ለመጠጥ የሚሆን ውሃ እስኪሰጥ ድረስ ከ50 ቀናት በላይ አለፉ።

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በእኛ ተዳፋት ላይ የሚሠራው ሥራ በመጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ በባሕርዩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በቅደም ተከተል እንዲፈጸሙ የታሰቡ ናቸው፤ ከጎርፍ በኋላ ሰውም ሆነ ንብረት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ኋላ መምጣት የሚገባው ሥራ ቀድሞ ሲሠራ ነውና።

እርምጃ 1፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ

የቦርከና ወንዝ ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ ከተማዋን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ሸለቆ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በደሴና በኩታበር በኩል የጣለ ከባድ ዝናብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ወጥታ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱት ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የዘነበው ውሃ በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ሰዎች ስለደረሰባቸው ነበር።

በቦርከና፣ በሌዮሌ ወይም በወርቃ ወንዝ ዳር የሚኖር የኮምቦልቻ ሰው ከሰማዩ ይልቅ ስልኩን ማመን ይኖርበታል። ደሴ ውስጥ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ኮምቦልቻዊ ብዙ አይገኝም፤ ከእነርሱ አንዱን መርጠው፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ በተለይም ከመሸ፣ እንዲደውልልዎት ይስማሙ። መልእክቱ ለአንድ ቤት ብቻ እንዳይቀር የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ተራ ደዋይ ቢመድብ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ለዚህ እንዲያገለግሉ አስቀድሞ ስምምነት ቢደረግ እጅግ ጠቃሚ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ መከታተል ተገቢ ቢሆንም፣ ትንበያው ስለ አንድ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ አንድ ወንዝ ዳር ስለማይናገር ስልኩን አይተካም።

የደሴ ነዋሪ ስጋት ከዚህ የተለየ ነው። በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋቱ ላይ ለተሠሩ ቤቶች ከወንዙ ይልቅ አስጊው መሬቱ ራሱ ነው። መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ በርና መስኮት ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል፣ ዛፍና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሲያዘም፣ ከዚህ በፊት ባልነበረበት ቦታ ምንጭ ሲፈልቅ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቁ ከነቤተሰብዎ ከቤቱ ይውጡ፤ ለቀበሌውም ወዲያውኑ ያሳውቁ። ናዳ ከወረደ በኋላም የተቀበረ ሰው ለማውጣት በጅምላ መሯሯጥ አደጋ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው ናዳ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለማዳን የመጡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ስለዚህ ከሚቆፍሩት ውጪ የሆነ ሰው ገደሉን ብቻ እንዲመለከት ይቁም፤ ድንጋይ መንከባለል ከጀመረም ጮኾ ያስጠንቅቅ።

እርምጃ 2፦ ክረምት ሳይገባ በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 1,800 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 90 ጄሪካን ውሃ ወደ አንድ ጥግ ያወርዳል። ይህ ውሃ አሸንዳ ተበጅቶለት ወደ ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) ካልተመራ የራስዎን መሠረት፣ ወይም ከበታች ያለውን ጎረቤት ግድግዳ ይቦረቡራል። ደሴ ውስጥ ይህ ጉዳይ የጎረቤት ጠብ የሚያስነሣ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ አሸንዳው ወዴት እንደሚፈስ ከመሥራትዎ በፊት ከበታችኛው ጎረቤት ጋር ይነጋገሩ።

ዲቹን በግንቦት መጥረግ በሐምሌ ከመጥረግ ይቀላል። ከዲች የወጣውን ደለል እዚያው ዳር ላይ ቆልሎ መተው ግን የተለመደ ከንቱ ድካም ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ በበር ላይ ሲደረድሩ አፉን አጥፈው፣ ግማሹን ብቻ ሞልተው፣ እንደ ጡብ ግንብ እያፈራረቁ ይደርድሩት፤ ጢም ብሎ የሞላ ማዳበሪያ ክፍተት ስለሚተው ውሃ ያሳልፋል።

የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የባንክ ደብተር በላስቲክ ተጠቅልለው ከአልጋ በታች ሳይሆን ከቁም ሣጥን በላይ ይቀመጡ፤ ፎቶግራፋቸውም በስልክ ተነሥቶ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ።

እርምጃ 3፦ ውሃው ሲመጣ

የወንዙ ቀለም በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይዞ ሲመጣ፣ ከሩቅ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ሲሰማ፣ ወይም ዝናብ እየዘነበ ሳለ ወንዙ በማይጠበቅ ሁኔታ ሲጎድል ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ። የመጨረሻው ምልክት ብዙ ሰው ያታልላል፤ የወንዙ መጉደል ላይኛው ሸለቆ በናዳ ተዘግቶ ውሃ እያቆረ መሆኑን፣ ያም ሲፈርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚወርድ ሊያመለክት ይችላል።

ጊዜ ካለ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ያጥፉ፤ ውሃ ውስጥ ቆመው ወይም በእርጥብ እጅ ግን ፈጽሞ አይንኩት። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ጎርፍ ሰውን ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ወይም ባጃጅን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሾፌር «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» ቢልዎትም ውሃ የተሻገረውን ድልድይና ኮብልስቶን በባጃጅም ሆነ በሚኒባስ አይሻገሩ፤ ከሥር ያለው መንገድ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 4፦ ወደ ቤት መመለስ

ውሃው ከሸሸ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መጥረጊያ ማንሣት ሳይሆን ቤቱን ከውጭ መዞር ነው። ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ቤት ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ ጭቃው ጉልበቱን ያጣል፤ ማገሩን ይዞ የቆመ የሚመስለው ግድግዳ ጎርፉ ካለፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ግድግዳው ሆዱ ካበጠ፣ ከምሰሶው ከተላቀቀ፣ ክዳኑ ከተዛነፈ፣ ወይም መሠረቱ ሥር ባዶ ከሆነ ማንም ሰው እንዳይገባበትና እንዳይተኛበት ያድርጉ። በብሎኬት የተሠራ ቤት በአንጻሩ ይጸናል፤ መሠረቱ ግን ተቦርቡሮ ሊሆን ስለሚችል ማዕዘኖቹን በጥንቃቄ ይመልከቱ።

በተዳፋት ላይ ባሉ የደሴ ቤቶች ውስጥ ከመንገድ በታች የሚገኝ ምድር ቤት ውሃ ከቆረበት፣ ውሃውን በፓምፕ በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። ከግድግዳው ውጪ ያለው አፈር ገና ውሃ እንደተሸከመ ስለሆነ፣ የውስጡ ውሃ በድንገት ሲወጣ ግፊቱ ሚዛኑን ስቶ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል። በቀን ከሲሶው ያልበለጠ ውሃ እያወጡ መጠበቅ ይሻላል።

ማንኛውንም ነገር ከማንቀሳቀስዎ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ውሃው ደርሶበት የነበረውን ከፍታ ደግሞ በማይለቅ ቀለም ግድግዳው ላይ አስምረው ቀኑን ይጻፉ። ይህ መስመር ለቀበሌው የጉዳት ምዝገባ ማስረጃ ከመሆኑም በላይ፣ በሚቀጥለው ክረምት ንብረት ከየትኛው ከፍታ በላይ መቀመጥ እንዳለበት ከማንኛውም ባለሙያ አስተያየት የበለጠ ይናገራል።

ቆጣሪው፣ ሶኬቱ ወይም መስመሩ ውሃ ከነካው ባለሙያ ሳይመለከተው መብራት አይብራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ፍሪጅና ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ ከውጭ ደርቆ ቢታይም በውስጡ እርጥበትና ጭቃ ስለሚይዝ ተፈትቶ ካልተጸዳ አይሰካ። የጋዝ ሲሊንደር ከነበረ ቧንቧውና መቆጣጠሪያው ጭቃ እንዳልገባበት ይረጋገጥ።

እርምጃ 5፦ ጭቃውን ማውጣትና ማጽዳት

ጭቃ እርጥብ ሳለ በአካፋ ይወጣል፤ ሲደርቅ ግን በዶማ ካልሆነ አይላቀቅም፣ አቧራውም ለሳንባ መጥፎ ነው። ስለዚህ መብራቱና ግድግዳው ከተፈተሹ በኋላ ጊዜ የማይሰጠው ሥራ ይህ ነው። ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ የጎርፍ ጭቃ ውስጥ ሚስማር፣ ጠርሙስና የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆሻሻ አለ። በኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ሌዮሌና ወርቃ ስላሉ፣ ጭቃው የተለየ ቀለም ወይም የኬሚካል ሽታ ካለው በእጅ አይነካ፣ ለጓሮ አትክልትም አይደፋ። ቁስል ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ከዚህ ሥራ ይራቁ፤ በሥራው ላይ የተወጋ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለማግኘት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ በር ይሂድ። በመጀመሪያ ጭቃው በአካፋ ወጥቶ በባሬላ ከግቢ ይራቅ፤ ዲች ውስጥ ግን አይጣል። ቀጥሎ ግድግዳውና ሊሾው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። በረኪና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ቤቶች ጭቃው ላይ በረኪና ደፍተው ጸዳ ይላሉ፤ ነገር ግን ክሎሪኑ ጉልበቱን በጭቃው ላይ ጨርሶ ጀርሙን ሳይነካ ይቀራል። 5 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለውን በረኪና ከሆነ የያዙት፣ 240 ሚሊ ሊትር ያህሉን፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ በ20 ሊትር ውሃ በጥብጠው የታጠበውን ወለል ያርሱበት፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ። ሻጋታ ለወጣበት ጠንካራ ቦታ ያንኑ ያህል በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ይበጠብጡ። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይደረግ፤ በርና መስኮትም ክፍት ይሁን። በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን በረኪና መርጨት ትርጉም የለውም፤ ልስኑ ተጠርቦ መድረቅ ነው የሚያስፈልገው።

የሚጣለውንና የሚተርፈውን መለየት የዚህ ሥራ ልብ የሚያሳምመው ክፍል ነው። የስፖንጅም ሆነ የጥጥ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ጎርፍ የጠጣ ሶፋና ምንጣፍ ይጣሉ። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ልብስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው በፀሐይ ከደረቁ ይተርፋሉ። ውሃ የነካው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዱቄትና በርበሬ በፀሐይ ደርቆ መልኩ ቢመለስም አይበላም፤ ቆሻሻው ውስጡ ገብቷል፣ የሚያበቅለው ሻጋታም በምጣድ እሳት የማይጠፋ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ እህሉን በጎተራ ለሚያስገባ ቤተሰብ ይህን ማለት ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የተበላሸውን እህል ለከብት ወይም ለዶሮ መስጠትም አደጋውን ማዛወር ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ጣሳው ካልተቀደደና ካልነፋ ታጥቦ በበረኪና ውሃ ተነክሮ ሊበላ ይችላል፤ በጠመዝማዛ ክዳን የተዘጋ የዘይት ጄሪካን ግን ከክዳኑ ሥር የጎርፍ ውሃ ስለሚይዝ አይታመንም። መድኃኒት ከተነከረ ሁሉም ይጣል።

እርስ በርስ የተጣበቁ ወረቀቶችን በኃይል አይለያዩ፤ ጭቃውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብለው አጥበው በጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ በንጹሕ ጨርቅ መካከል ያድርቋቸው። ፎቶግራፍ ከሆነ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት።

እርምጃ 6፦ የመጠጥ ውሃና ጤና

ቧንቧው ቢመጣም ከጎርፍ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ቆሻሻ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ንጹሕ መሆኑን እስኪያሳውቅ ድረስ አክመው ይጠጡ። የደፈረሰውን ውሃ አስቀድመው በታጠፈ ነጠላ ያጥሉት። ከዚያ በኋላ ቢያፈሉት፣ ኮምቦልቻ ላይ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደሴ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኗ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሦስት ሙሉ ደቂቃ መፍላት ይኖርበታል። ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን የፋብሪካ ኬሚካልን እንደማያስወግዱ ግን ይታወቅ፤ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ አይጠቀሙ።

ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ኦአርኤስ ይጠጣ፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃት፣ በኮምቦልቻ በግቢ ውስጥ የቀረ ኩሬ፣ የተጣለ ጎማና ጣሳ ሳምንት ሳይሞላው ይፍሰስ፤ አጎበርም ከተቀደደ ይሰፋ።

እርምጃ 7፦ ማድረቅና መጠገን

በደሴ ብርድ ውስጥ እርጥብ ቤት የገባ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት መዝጋት ነው። ይህ መደረግ የለበትም። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል፤ ከሃሪኬን በኋላ ባሉት ቀናት በአሜሪካ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ጀነሬተር በቤት ውስጥ አስነሥተው በዚሁ ጋዝ የሚታፈኑ ይገኛሉ። ቤት የሚደርቀው በነፋስ ነው፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በሩና መስኮቱ ሁሉ ይከፈት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳው ይራቁ።

የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ከውጭ ደረቅ ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው እንጨትና ጭድ ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃው ከደረሰበት መስመር በላይ አንድ ክንድ ያህል ጨምረው በሁለቱም በኩል ልስኑን ጠርበው ያውርዱት። የበሰበሰ ማገር ካለ ይቀየር፤ መልሶ በሚለሰንበት ጊዜም ከሲሚንቶ ይልቅ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይሻላል፤ ዋጋው ያነሰ ነው፣ ግድግዳውንም ያስተነፍሳል። የግድግዳው እግር ግን ቢያንስ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ግንብ ቢሠራ የሚቀጥለውን ጎርፍ በተሻለ ይቋቋማል።

ለልስኑና ለቀለሙ አይቸኩሉ። ክረምቱ ሳይወጣ የተለሰነ ግድግዳ እስከ ኅዳር ድረስ ሻጋታ ያወጣል። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ንጹሕ ላስቲክ በፕላስተር አራቱንም ጠርዝ አጥብቀው ማታ ይለጥፉ። ጠዋት ከላስቲኩ በስተውስጥ በኩል የውሃ ነጠብጣብ ከታየ ግድግዳው ገና ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተናውን ይድገሙ፤ ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ካደረ ለሳሹን መጥራት ይቻላል።